ብሩኖን ያቃጠለው ፀሐይ ነው ወይስ ሥላሴ?

ክሩ፣ ማለትም በጽሑፍ የተካሄደው የመድረክ ውይይት፣ የተከፈተው በአንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ከፋቹ ሰላምታውን ካቀረበ በኋላ፣ ጆርዳኖ ብሩኖ የተባለው ጣሊያናዊ ፈላስፋ በ1600 ሮም ላይ ከነሕይወቱ የተቃጠለው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር አስቀመጠ። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያንኑ ያለው ጋሊሊዮ በቤት እስር ሲታለፍ ብሩኖ ለምን እሳት ተፈረደበት? ዓመቶቹም ወራቱም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን (የካቲት ሲባል ፌብሩዋሪ ማለት ነው) ከግርጌ ጻፈ። ይህች የግርጌ ማስታወሻ ኋላ ላይ የራሷን ጣጣ ይዛ መጣች።

መልስ 1 ምስጋናና ስምምነት ነበር። ጨዋ መልስ ነው፤ የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ ደረደረ። ብሩኖ በ1548 በኔፕልስ አጠገብ ባለችው ኖላ ተወለደ፤ የክርስትና ስሙ ፊሊፖ ነበር። በ17 ዓመቱ ኔፕልስ ወዳለው የዶሚኒካውያን ገዳም ገብቶ ጆርዳኖ ተባለ፤ ቅስናም ተቀበለ። በ1576 በኑፋቄ ሊከሰስ መሆኑን ሲሰማ ቆቡን ጥሎ ጠፋ። የታገደው የሆላንዳዊው ምሁር የኤራስመስ ማብራሪያ ያለበት መጽሐፉም ከጣለበት መጸዳጃ ቤት ተገኘ። ከዚያ ጄኔቫ፣ ቱሉዝ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ዊተንበርግ፣ ፕራግ፣ ሄልምሽቴት፣ ፍራንክፈርት እያለ 15 ዓመት ያህል ዞረ። መላሹ የሳተው ብሩኖን የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ብሎ ሲጠራው ነው።

መልስ 2 እዚያች ቃል ላይ ቆመ። አንቱ እያለ፣ በትሕትና፣ ግን ያለ ርኅራኄ። ብሩኖ አንድም የሰማይ ልኬት አልወሰደም፤ ሠንጠረዥ አላሰላም፤ እሱ ፈላስፋና ከገዳም የኮበለለ ቄስ ነው። ዋናውን ጭብጥ ደግሞ በሁለት ዓመተ ምሕረት አፈረሰው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ የታተመው በ1543 ሲሆን መታሰቢያነቱም ለጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ ነበር፤ እስኪታረም ድረስ የታገደው ደግሞ በ1616 ነው። ማለትም ብሩኖ ከተቃጠለ 16 ዓመት በኋላ። ሰው ገና ባልተከለከለ ነገር ብቻ እንዴት ይቃጠላል? ከፋቹ እርማቱን ተቀብሎ አመሰገነ። ክሩ እዚያው የሚያበቃም መስሎ ነበር።

መልስ 3 ግን ሌላ በር ከፈተ። መላሿ ስለ ፍርዱ መከራከራችሁን አቁሙና መጀመሪያ ሰውየው ያለውን እንይ ባይ ናት፤ በእኔ ግምት ክሩን ያዳነችው እሷ ናት። የድሮው ሰማይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ እንደነበረ አስረዳች፤ መሐል ላይ ምድር፣ ከዚያ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ ፀሐይ፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ከሁሉም ውጭ ከዋክብት የተሰኩበት የመጨረሻው ሉል። ኮፐርኒከስ ፀሐይንና ምድርን ቦታ አቀያየረ እንጂ ውጭኛውን ልጣጭ አልነካውም። እንግሊዛዊው ቶማስ ዲግስ በ1576 ከዋክብቱን ወደ ውጭ ያለ ገደብ በተናቸው፤ ፀሐይን ግን መሐል ላይ ተዋት። ብሩኖ ልጣጩንም መሐሉንም አንድ ላይ ጣለ። ዓለሙ ዳርቻ ከሌለው መሐልም የለውም፤ የቆምክበት ሁሉ መሐል ይመስልሃል። እያንዳንዱ ኮከብ ፀሐይ ነው፤ በየፀሐዩ ዙሪያም እንደኛይቱ ያሉ ምድሮች ይዞራሉ። እነዚያ ምድሮች ለምን አይታዩንም ለሚለው መልስ ነበረው፤ ትናንሽ ናቸው፣ ብርሃናቸውም የተውሶ ነው፣ ርቀቱም ይውጣቸዋል። ይህ ሁሉ ለንደን በፈረንሳይ አምባሳደር ቤት ተጠግቶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1584 ባሳተማቸው የጣሊያንኛ ምልልሶች ውስጥ አለ። አሳታሚው ለንደን ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቬኒስ ወይም ፓሪስ መሆኑንም በጎን ጠቆመች። ጀርመናዊው ሊቅ ኒኮላስ ዘኩዛ በ1440 ዓለሙ መሐል የለውም ብሎ ጽፎ እንደነበርና ብሩኖም ይህን እንዳልደበቀ ጨምራ ዘጋች።

መልስ 4 ምድር የምትንቀሳቀስ ከሆነ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ለምን ወደ ኋላ አይቀርም የሚለውን የጥንት ተቃውሞ አነሣ፤ ብሩኖ የመለሰበትንም መንገድ ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። መርከብ በወንዝ ላይ እየሄደች ነው። አንዱ ሰው ምሰሶው ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ሌላው የወንዙ ዳር ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ፣ ሁለቱ እጆች አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ እኩል ድንጋይ ይለቃሉ። የመርከበኛው ድንጋይ ምሰሶው ሥር ይወድቃል። የዳሩ ሰው ድንጋይ ግን መርከቧ ስታልፈው ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ ከድንጋዩ ወይም ከአየሩ አይደለም፤ አንደኛው ድንጋይ የመርከቧን ጉዞ ይዞ ወጥቷል፣ ሌላኛው አልያዘም። ምድርም መርከብ ናት፤ በላይዋ ያለው ሁሉ ጉዞዋን ይካፈላል። ጋሊሊዮ ተመሳሳዩን የመርከብ ክርክር በ1632 እንዳተመ ጠቅሶ፣ ስለዚህ መልስ 2 ብሩኖን ከሳይንስ ደጅ ጨርሶ ማባረሩ ልክ እንዳልሆነ ተናገረ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነበር። መልስ 5 ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ብሩኖን የሳይንስ ሰማዕት የምትሉ ሰዎች በ1584 ያሳተመውን የዐመድ ረቡዕ እራት ገልጣችሁ አታውቁም በሚል ንቀት ጀመረ፤ የያዘው ማስረጃ ግን እውነተኛ ነው። በዚያ ምልልስ ውስጥ ብሩኖ ከሁለት የኦክስፎርድ ምሁራን ጋር ገበታ ላይ ይከራከራል። ስለ ምድርና ጨረቃ ቦታ አልስማማ ሲሉ የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ይመጣና ሥዕሉ ይገለጣል። ሥዕሉ ላይ በትንሽዋ ክብ መሐል አንዲት ነጥብ አለች። ምሁራኑ ነጥቧ ምድር ናት፣ ጨረቃ በዙሪያዋ ትዞራለች ይላሉ። ብሩኖ ደግሞ ይስቃል፤ ነጥቧ ክቧ ስትሳል የኮምፓሱ እግር የቆመበት ምልክት ናት፣ ምድርና ጨረቃ ሁለቱም ያሉት በክቧ ጠርዝ ላይ ነው ባይ ነው። የኮፐርኒከስ ጽሑፍ ግን የጨረቃን ክብ በምድር ዙሪያ ነው የሚያስቀምጠው። የተሳሳተው የሳቀው ሰው ነው። ይባስ ብሎም ስሕተቱን እንደ ድል ቆጥሮ በራሱ መጽሐፍ አሳተመው።

መልስ 6 ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። ሥዕል ማንበብ መሳሳትና ሐሳብ መሳሳት ይለያያል የሚል ነው ክርክሩ። ብሩኖ እዚያው መጽሐፍ ላይ ነገሮችን የማየው በገዛ ዓይኔ ነው እንጂ በኮፐርኒከስም ሆነ ምድርን መሐል ባደረገው በጥንቱ ሊቅ በቶለሚ ዓይን አይደለም ማለቱን፣ ኮፐርኒከስንም ከተፈጥሮ ይልቅ ለሒሳብ ያደላ ነው ብሎ መተቸቱን አነሣ። መልስ 7 የመልስ 5 ባለቤት ነው፤ አንቱታውን ጥሎ አንተ ማለት ጀመረ። ሒሳብ የናቀ ሰው በሒሳብ ሥዕል ላይ መሳቅ አልነበረበትም አለና፣ ፓሪስ ላይ በ1586 ፋብሪዚዮ ሞርደንቴ በፈለሰፈው የመለኪያ ኮምፓስ የተነሣውን ጠብ አመጣ። ብሩኖ ሞርደንቴ የገዛ ፈጠራውን ትርጉም አላወቀም ብሎ ጽፎ አሳተመ፤ ሞርደንቴም ቅጂዎቹን እየገዛ አቃጠላቸው። የብሩኖን ጽሑፍ አስቀድሞ ያቃጠለው ኮምፓስ ሠሪ ነው መባሉ ብዙ ሰው አስቋል፤ ለክርክሩ ግን ምንም አልጨመረም።

መልስ 8 ረጅሙ ነው፤ እኔም የምቆየው እዚህ ነው። ጸሐፊዋ የፍርድ ቤት ሥርዓት የምታውቅ ትመስላለች። ክሱን እንደ መዝገብ ገልጣ ነው ያሳየችው። ብሩኖን ቬኒስ የጠራው ጆቫኒ ሞቸኒጎ የተባለ መኳንንት ነው፤ የማስታወስ ጥበብ እንዲያስተምረው። ያሰበውን ያህል አልተማርኩም ብሎ ቂም ያዘ፤ ብሩኖ ወደ ፍራንክፈርት ልመለስ ሲል ቤት ቆለፈበት፤ በግንቦት 1592 በ23፣ በ25 እና በ29 ለኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኑፋቄ ችሎት፣ ሦስት የክስ ደብዳቤ ጻፈ። ይሁንና አንድ ከሳሽ አንድ ምስክር ነው፤ በዚያ ችሎት ደግሞ በአንድ ምስክር ብቻ ሰውን በኑፋቄ መርታት አስቸጋሪ ነበር። የተጠሩት መጽሐፍ ሻጮች ብሩኖን የሚጎዳ ቃል አልሰጡም። ብሩኖ እንደ ፈላስፋ ተናገርኩ እንጂ እንደ ሃይማኖት አስተማሪ አይደለም ብሎ ተከላከለ፤ ስለ ቃል ሥጋ መሆን ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ጥርጣሬ እንደነበረው አመነ። ሐምሌ 30 ቀን ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ቬኒስ ላይ ቢቀር ምናልባት በዚያው ይታለፍ ነበር። ሮም ግን ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ሰውየው የቬኒስ ዜጋ ስላልሆነና የቆየ ክስም ስለነበረበት የቬኒስ መንግሥት አሳልፎ ሰጠው። የካቲት 27 ቀን 1593 ሮም ገባ።

እዚያ ነገሩን የቀየሩት አብረውት ቬኒስ የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ቼለስቲኖ ዘቬሮና የተባለ የካፑቺን መነኩሴ ብሩኖን የሚከስ ጽሑፍ ላከ፤ ሌሎች እስረኞችም ተጠይቀው መሰከሩ። አሁን ምስክሩ በዛ፤ ነገር ግን ራሳቸው የተከሰሱ ሰዎች ስለሆኑ የቃላቸው ክብደት ቀላል ነው። ስለዚህ መርማሪዎቹ ወደ መጻሕፍቱ ዞሩ። መጽሐፍ እንደ ምስክር አይዋሽም፣ ቃሉንም አይለውጥም፤ የራስህ እጅ ነው። ችግሩ መጻሕፍቱን ማግኘት፣ ማንበብና ዐረፍተ ነገር እየነቀሱ ማውጣት ዓመታት ፈጀ። በጥር 1599 የሥነ መለኮት ሊቁ ቤላርሚኖ ስምንት ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጀ፤ ብሩኖም ስሕተት ናቸው ብለህ ካድ ተባለ። በየካቲት እሺ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ማስታወሻ እየጻፈ ይከራከር ጀመር፤ ታኅሣሥ 21 ቀን የምክደው ነገር የለኝም ብሎ ጨረሰ። የካቲት 8 ቀን 1600 ፍርዱ ተነበበ፤ የካቲት 17 ቀን ሮም ውስጥ ካምፖ ዴ ፊዮሪ አደባባይ ላይ ተቃጠለ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው ብሎ ለሚጠይቃት አስቀድማ መልስ አዘጋጅታለች። ናፖሊዮን የቫቲካንን መዛግብት በ1810 ፓሪስ አስወሰደ። እሱ ከወደቀ በኋላ ሁሉን ለመመለስ የማጓጓዣው ወጪ ከበደ፤ ብዙው የችሎት መዝገብ ለወረቀት ፋብሪካ ተሸጦ ተቦካ። የብሩኖ ዋና መዝገብም አብሮ ጠፋ። የተረፈው ለዳኞች የተዘጋጀ አጭር መግለጫ ነው፤ የቫቲካን መዛግብት ኃላፊ የነበረው አንጄሎ መርካቲ በ1940 አግኝቶት በ1942 ታተመ። ስምንቱ ዐረፍተ ነገሮች ሙሉ ቃላቸው አልተረፈም፤ ከፍርዱ ግልባጭ ላይ በግልጽ የሚነበበው ኅብስቱ ወደ ሥጋ መለወጡን መካዱ ነው።

መልስ 9 በዚህ ሁሉ መሐል ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር ልቀይርላችሁ ብሎ ገባ። ፌብሩዋሪ 17 ማለት የካቲት 10 ነው፤ ስለዚህ ብሩኖ የሞተው የካቲት 10 ቀን 1592 ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 10 አላሳለፈውም። በ1600 በግሪጎርዮስና በዩልዮስ አቆጣጠር መካከል የነበረው ልዩነት እንደ ዛሬው 13 ሳይሆን 10 ቀን ነበር፤ የኛ ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከዩልዮስ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ይጨመራል። በሌላ በኩል 1591 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ሆናለች፤ አንድ ቀን ይቀነሳል። ውጤቱ የካቲት 12 ነው። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ ማለት ይቻላል። መልስ 11 ይህ እኛ የግራዚያኒን ጭፍጨፋ ሰማዕታት የምናስብበት ቀን ነው፣ የአንድ ፈላስፋ ወሬ ማድመቂያ አታድርጉት ብሎ ተቆጣ። መልስ 10 ሒሳቡን ያወጣሁት እኔ፣ ቀኑን ያመጣው ግን ዘመኑ ነው ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ደግነቱ ሌላ ሰው አልገባበትም።

መልስ 12 የማስታወስ ጥበብ የተባለው ምንድን ነው ለሚለው መልስ ሰጠ፤ ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ወደ ሞቸኒጎ የሚመልስ ነው። ብሩኖ በ1582 ፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች አሉ። የላቲን ፊደላትን ይዞ፣ ላቲን ለሚጎድሉት ድምፆች ከግሪክና ከዕብራይስጥ ጨምሮ 30 አደረጋቸው፤ እያንዳንዱን በአምስት አናባቢ አባዛ፤ 150 ጥምረት ወጣ። ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ የፊደል ገበታ ማለት ነው። የግዕዙ 26 ፊደል በሰባት ቤት 182 ይሆናል፤ የብሩኖው 30 በአምስት ቤት። በየቀለሙ ላይ አንድ ምስል ይቀመጣል፤ በአንዱ መንኮራኩር ሰው፣ በሌላው ድርጊት፣ በሌላው ምልክት። ቃሉን በቀለም በቀለም ስታፈርሰው ምስሎቹ ተቀናጅተው አንድ ትዕይንት ይሠራሉ፤ አእምሮ ትዕይንት አይረሳም። ግን መጀመሪያ 150ውን በየመንኮራኩሩ በቃል መያዝ አለብህ፤ ልክ እንደ የኔታ ተማሪ። ሞቸኒጎ ገንዘብ ከፍሎ ምሥጢር የሚገዛ መስሎት ነበር፤ የቀረበለት ልምምድ ሆነበት።

ክሩን ወደ ጥያቄው የመለሰው መልስ 13 ነው። መልስ 2ን በቀጥታ ተጋፈጠ። ፀሐይ አልነበረችም ማለትህ ልክ ነው፣ ከዚያ ተነሥተህ ሰማዩ በሙሉ ከክሱ ውጭ ነው ማለትህ ግን ስሕተት ነው አለ። መጋቢት 24 ቀን 1597 መርማሪዎቹ ብሩኖን ስለ ልዩ ልዩ ዓለማት የያዘውን ከንቱ ሐሳብ እንዲተው አስጠንቅቀውታል፤ ይህ በመዝገብ ያለ ነው። መግለጫው ውስጥም የብዙ ዓለማት ጉዳይ የራሱ ርዕስ አለው። ምድር ትንቀሳቀሳለች ማለቱም ከመክብብ 1፥4 ጋር ተነጻጽሮ ተጠይቆበታል፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገረው ለምእመናን በሚገባቸው ቋንቋ ነው እንጂ ለተፈጥሮ ሊቃውንት አይደለም ብሎ መልሷል።

ቀጥሎ ለምን አደገኛ እንደሆነ አፍታታው። የብሩኖ መነሻ እግዚአብሔር ነው እንጂ ቴሌስኮፕ አይደለም፤ ቴሌስኮፕ ገና አልነበረም። ኃይሉ ወሰን የሌለው አምላክ ወሰን ያለው ዓለም ብቻ ከፈጠረ፣ ወይ አልቻለም ወይ ነፈገ ማለት ይሆናል፤ ሁለቱም ለአምላክ አይገባም። ስለዚህ ዓለሙ ወሰን ሊኖረው አይችልም። የሥነ መለኮት ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ሌላ ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ማድረግ ግድ ከሆነበት ፈቃዱ የት ሄደ? ዓለሙ ሁልጊዜ ከነበረ መፍጠር ምን ማለት ነው? በሌሎቹ ምድሮች ላይ ሕያዋን ካሉ ሥጋዌ ለማን ሆነ፤ በየምድሩ ይደገማል ወይ? በዚህ ላይ ብሩኖ የዓለም ነፍስ የሚላትን ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ያጠጋጋበት፣ ነፍስም ከአካል ወደ አካል ልታልፍ ትችላለች ያለበት ሲጨመር፣ ሥነ ፈለኩን ከሃይማኖቱ የሚለይ ቢላ አይገኝም። ቁጥር የሌላቸው ዓለማት አሉ ማለትን አውግስጢኖስ ራሱ በኑፋቄዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት እንደነበር ማሳሰቡ መልስ 2ን ዝም ያሰኘ መሰለኝ።

መልስ 14 መልስ 2 ነው፤ ዝም አላለም። ግማሹን ተቀበለ፤ ብዙ ዓለማት ከክሱ መሐል መኖሩን አምኛለሁ፣ ለሞት ያበቃው እሱ ብቻ ነው ካልተባለ አለ። አንቱ ማለቱንም አልተወም፤ በዚያ ክር ውስጥ እስከ መጨረሻው አንቱ ያለ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 15 ካቶሊኮችን ብቻ አትኮንኑ ብሎ መጣ። ጄኔቫ ላይ በ1579 ብሩኖ የአንድ ፕሮፌሰርን ትምህርት 20 ስሕተት አለበት ብሎ በማሳተሙ ካልቪናውያን አስረው ከቁርባን ከልክለውታል፤ ሄልምሽቴት ላይ በ1589 የሉተራን ፓስተር አውግዞታል። ሦስቱም ወገን አውጥተው ጥለውታል፤ የገደለው አንዱ መሆኑን ግን መላሹ ሳይጠቅስ አለፈ። ይህን ያስታወሰው መልስ 16 ነው፤ በአንድ መስመር፣ ከዚያም ወደ ሌላ እርማት ገባ። ምላሱ በብረት ተወጋ የሚለው ወሬ በዘመኑ ወረቀት ላይ የለም፤ ያለው ምላሱ ታስሮ እንዲናገር አለመደረጉ ነው።

ጋሊሊዮ ሲታለፍ ብሩኖ ለምን ተቃጠለ የሚለው የከፋቹ ጥያቄ የተመለሰው በመልስ 17 ነው። ሕጉ ሰውየውን በሐሳቡ ብቻ ሳይሆን በመመለሱም ይመዝነዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በኑፋቄ የተያዘ ሰው ከካደና ንስሐ ከገባ አይቃጠልም፤ ይታሰራል፣ ይቀጣል። ለዓለማዊ ገዢ ተላልፎ የሚሰጠው አልመለስም ያለ ወይም ክዶ ዳግመኛ የወደቀ ነው። ጋሊሊዮ ሰኔ 22 ቀን 1633 ተንበርክኮ ካደ። የተጠየቀውም ስለ ምድር መንቀሳቀስ ነው፤ ስለ ሥላሴም ስለ ቁርባንም የነካው የለም። ብሩኖ ቃለ መሐላ የፈጸመ መነኩሴ ሆኖ ቆቡን የጣለ ነው፤ ክሱ ከሥጋዌ እስከ ቁርባን ይደርሳል፤ ከ1599 ጥር እስከ ታኅሣሥም በሩ ተከፍቶለት ነበር። የመርማሪዎቹን ግፍ ለማቅለል አይደለም ይህን የምለው ብሎ ጨመረ፤ ሥርዓቱ በዚህ መልክ ስለሚሠራ ነው።

ከፋቹ ተመልሶ ርዕሱን ቀየረው። ፀሐይን አጠፋና ብሩኖን ያቃጠለው ሥላሴ ብቻ ነው አደረገው። መልስ 18 ላይ የመልስ 13 ባለቤት ተናዶ፣ ይህን ሁሉ ጽፌ ነው ወይ አንዷን ስሕተት በሌላ የምትተካት ብሎ ጮኸ። መልስ 19 የመልስ 2 ባለቤት ነው፤ እሱም ብቻ የምትለዋ ቃል ትውጣ አለ። ሁለቱ በመላው ክር የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው። ከፋቹ ርዕሱን ወደ ጥያቄ መልሶ ፀሐይን እንደገና አስገባት።